ባሕር ዳር ከመሄዳችሁ በፊት ከሁለት ቀን አስቀድማችሁ ደውሉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በደብረ ማርቆስ ከተማ በተለያዩ ምግብ ቤቶች ወጥ በመሥራት፣ ሥጋ በመበለትና ለወጥ ቤት ገበያ በመግዛት የምንተዳደር ሠራተኞች ነን። ልጅ ሲመረቅ፣ ዘመድ ከውጭ አገር ሲመጣ፣ ሽማግሌ ተልኮ ነገር ሲሰምር በከተማችን አንድ የተለመደ ወሬ አለ፤ «ደህና ምግብ ከተፈለገ ባሕር ዳር ነው፣ ካልሆነም አዲስ አበባ» ይባላል። ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም፣ እንጅባራም፣ ሞጣም ያለው ሰው የሚለው ይኸንኑ ነው። በዚህ ላይ የምናውቀውን ለአንባቢ ብንናገር ይጠቅማል ብለን ጻፍን።

ወሬው ጨርሶ ሐሰት ነው አንልም። በትልቅ ከተማ የተሻለ ጥብስ፣ የተሻለ ዓሣ፣ ቶሎ የሚደርስ ምሳ ይገኛል። ምክንያቱን ግን ሰው በእጅ ሙያ ላይ ሲያሳብበው እንሰማለን። የማርቆስ ወጥ ሠሪ እጅ ከማንም አያንስም፤ አዲስ አበባ ስመ ጥር በሆኑ ወጥ ቤቶች ሽንኩርት የሚያቁላሉት እናቶች ብዙዎቹ ከዚሁ ከጎጃም የሄዱ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ድስቱ በስንት ሰዓት ውስጥ ያልቃል በሚለው ነው። በቀን 300 ሰው የሚገባበት ቤት ጠዋት የሠራው ወጥ እስከ 8 ሰዓት ያልቅበታል፤ ማታ አዲስ ይሠራል። በቀን 40 ሰው የሚገባበት ቤት ደግሞ ያንኑ ወጥ ዛሬ ማታ ያሞቀዋል፣ ነገ ምሳ ያሞቀዋል፣ አንዳንዴም ነገ ማታ። ደጀን ላይ የዚህን ማስረጃ ማንም ያያል። ከተማዋ ከማርቆስ ታንሳለች፣ ሥጋዋ ግን ይመሰገናል፤ የዓባይን በረሃ ወጥቶ የደከመ መኪና ሁሉ እዚያ ስለሚቆም ሥጋው ውሎ አያድርም።

ስለዚህ የትንሽ ከተማ ተመጋቢ ደህና ለመብላት አንድ ነገር ማድረግ አለበት፤ አስቀድሞ መናገር። ተናግሮ የሚመጣ ሰው ለእሱ የተሠራ ድስት ያገኛል። ሳይናገር የመጣ ያለውን ይበላል። እስኪ በየምግቡ እንየው።

ከመንገዱ እንጀምር፤ ይህን ቶሎ እንለፈው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ባሕር ዳር ደግሞ በቡሬና በእንጅባራ በኩል 265 ገደማ። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 600 ኪሎ ሜትር ማለት በሊትር 10 ኪሎ ሜትር በምትሄድ የቤት መኪና 60 ሊትር ነዳጅ ነው። ለባሕር ዳር 53 ሊትር። በዚያ ላይ የዓባይ በረሃ አለ፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ መውጣት ነዳጁንም ፍሬኑንም ይበላል። ይህ ሁሉ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ነው፤ ያልሆነበትን ቀን ሁላችንም እናውቀዋለን። የ60 ሊትር ነዳጅ ዋጋን ለ5 ሰው አካፍላችሁ በምሳው ሒሳብ ላይ ደምሩት፤ ቀሪውን ስሌት ለቤተሰብ እንተዋለን።

አሁን ወደ ጥብስ። ሰው በከተማችን ምግብ ላይ ከሚያማርረው ሁሉ አንደኛው «ጥብሱ ጎማ ነው» የሚለው ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱንም ተመጋቢው ራሱ ሊያስተካክላቸው ይችላል።

የመጀመሪያው የእርድ ሰዓት ነው። ከብት ታርዶ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ለዚህ ነው ጥሬ ሥጋ ወዳጅ ጠዋት የታረደውን በጠዋቱ የሚፈልገው። ከዚያ በኋላ ጡንቻው ይገትራል። ከታረደ ከ6 ሰዓት በኋላ እስከ አንድ ሙሉ ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ሥጋ በጣም የሚጠነክርበት ነው። በማቀዝቀዣ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ 2 ወይም 3 ቀን ሲያድር እንደገና እየላላ ይሄዳል። የማርቆስ ብርድ ማቀዝቀዣ አይደለም፤ ሌሊቱ ቢበርድም ቀን ላይ ሥጋ ተሰቅሎ ሲውል ይበላሻል እንጂ አይለሰልስም። ጠዋት የታረደውን ሥጋ ማታ 1 ሰዓት ላይ ጥብስ ብሎ የሚያዝ ሰው ከቀኑ ሁሉ የከፋውን ሰዓት መርጧል ማለት ነው። ትልልቅ የከተማ ሆቴሎች ሥጋ የሚያሳድሩበት ሰፊ ቀዝቃዛ ክፍል አላቸው፣ እኛ ዘንድ ያለው አንድ ፍሪጅ ነው፣ እሱም መብራት ሲኖር።

ይህን ከጾሙ ጋር አያይዛችሁ አስቡት። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቤቶቻችን አያርዱም። ቅዳሜ ጠዋት ይታረዳል፤ ጥሬ ለሚበላ ቅዳሜ ረፋዱ ነው ቀኑ። ጥብስ ለሚፈልግ ግን ቅዳሜ ማታ ሳይሆን እሑድ ማታ ወይም ማክሰኞ ይሻላል፤ ማክሰኞ የሚጠበሰው የቅዳሜ ወይም የእሑድ እርድ በፍሪጅ ያደረው ነው። ሐሙስ ምሳ ደግሞ አዲስ እርድ ነው፤ ጥሬውና ዱለቱ ግሩም፣ ጥብሱ አስቸጋሪ። ዱለት በነገራችን ላይ በእርዱ ዕለት ካልሆነ አትዘዙት፤ ጨጓራውና ጉበቱ ያደረ ዱለት ሽታው ራሱ ይናገራል። ጥሬ ሲሆን ደግሞ የቄራ ማኅተም ያለበትን ብቻ ጠይቁ። የኮሶ ነገር ቀልድ አይደለም፤ አዋዜና ሚጥሚጣ ትሉን አይገድለውም፣ አረቄም አይገድለውም።

ሁለተኛው ምክንያት እሳቱ ነው። አንድ ሰው የሚበላው ጥብስ ያለ አጥንት 250 ግራም ሥጋ ያህላል። በደንብ በጋለ መጥበሻ 7 ወይም 8 ደቂቃ ይፈጃል። 20 ሰው ሳይናገር ይመጣና 20 ጥብስ ያዛል እንበል። ወጥ ቤቱ ለጥብስ የሚሆን ሁለት ጥሩ እሳት አለው። አንድ አንዱን ብንጠብስ 10 ዙር ነው፣ 80 ደቂቃ። ተመጋቢው 30 ደቂቃ ካለፈ አስተናጋጁን መጥራት ይጀምራል። ያኔ ጠባሹ የ5 ሰው ሥጋ በአንድ መጥበሻ ይከምራል። መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውኃውን ይለቃል፣ ይቀቀላል፣ ይግራጫል። ውኃው እስኪመጥ ይጠበቃል፤ እስኪመጥ ድረስ ሥጋው ይደርቃል። ያ ነው ጎማው። ጨው ገና ከመጀመሪያው ከተጣለበት ደግሞ ውኃው ይብሳል። ከተማ ያለው ቤት 8 እሳት ስላለው ይህ አይደርስበትም።

ደውላችሁ ብትናገሩ ግን እንዲህ እናደርጋለን፤ ሽንጥና ጭቅና ለይተን እናሳድራለን፣ ከመጥበሱ አንድ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አውጥተን ውኃውን በጨርቅ እናደርቃለን፣ ጮማውን ለብቻ አቅልጠን በእሱ እንጠብሳለን፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በመጨረሻው 2 ደቂቃ፣ የጥብስ ቅጠሉንና ጨውን ከዚያም በኋላ። ለ20 ሰው ደግሞ ሁሉንም ጥብስ አታድርጉት። ግማሹ ቀይ ወጥ ወይም ቅቅል ይሁን፤ እሱ በድስት አስቀድሞ ስለሚበስል ጠባሹ እፎይ ይላል። ለወጥ ወርችና ዳቢት ይሻላሉ፤ ሽንጥን ወጥ ውስጥ መክተት ማባከን ነው።

ዶሮ ወጥ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ጎጃሜ እንግዳውን የሚያከብርበት እሱ ነውና።

አንድ ያገር ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ለ6 ሰው በነፍስ ወከፍ 2 ብልትና 1 እንቁላል ይደርሳል። ለአንዱ ዶሮ 2 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ 150 ግራም ያህል በርበሬ፣ ሩብ ኪሎ የተነጠረ ቅቤ፣ 50 ግራም ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ መጨረሻ ላይ መከለሻ ይገባል። ሽንኩርቱ ደቆ ያለ ዘይት በደረቁ ይቁላላል፣ ከ1 ሰዓት በላይ፣ እያማሰሉ። ውኃው አልቆ መያዝ ሲጀምር ጠብታ ውኃ ይጨመራል። ቅቤው ይገባል፣ ከዚያ በርበሬው፣ እንደገና አንድ ሰዓት ያህል፣ በትንሽ በትንሽ ውኃ። በሎሚና በጨው ታጥቦ ታጥቦ የጠራው ዶሮ ከዚያ ይገባል። ያገር ዶሮ ከሆነ ሌላ 1 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ የፈረንጅ ዶሮ 35 ደቂቃ ከበለጠው ይፈርሳል። ዶሮው መገነጣጠሉና መታጠቡ ሳይቆጠር ከ3 ሰዓት በላይ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ገብቶ ዶሮ ወጥ አዝዞ በ15 ደቂቃ የቀረበለት ሰው የበላው የትናንቱን ነው። የትናንት ዶሮ ወጥ መጥፎ አይደለም፤ ወጥ ሲያድር ይጣፍጣል፣ ቅመሙ ይገባበታል። መጥፎ የሚሆነው አራተኛ ጊዜ ሲሞቅ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል፣ እንቁላሉ ይጠቁራል፣ ቅቤው ደግሞ ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል።

የሽንኩርቱን ነገር እዚህ ላይ እንንገራችሁ፤ የወጥ ማጭበርበር የሚጀምረው ከሱ ነውና። ሽንኩርት በክረምት ሲወደድ በ2 ኪሎ ተኩል ፈንታ 1 ኪሎ የሚያስገባ ቤት አለ። ወጡ እንዳይቀጥን ሳልሳ ወይም ዱቄት ይጨምርበታል። ሳልሳ የበዛበት ወጥ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይኮመጥጣል። ዱቄት የገባበት ሲበርድ ይረጋል፣ እንጀራው ላይ ሲፈስ ውኃው ተለይቶ በዳር ይወጣል። በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት ያለበት ወጥ ግን ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ እንጀራው ላይ ባለበት ይቀመጣል። ከተገኘ የሐበሻ ሽንኩርት ይመረጣል፤ መላጡ ሥራ ቢሆንም ውኃው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሟሟል፣ ይጣፍጣልም። ከቆጋ መስኖ፣ ከመራዊ አካባቢ የሚመጣው ትልልቁ ቀይ ሽንኩርት ውኃ አለው፤ በደረቁ የሚቁላላበትን ጊዜ ግማሽ ሰዓት መጨመር ነው። በርበሬውን በተመለከተ ከሌላ አገር ማስመጣት አያስፈልገንም፤ የቡሬ፣ የወንበርማና የፍኖተ ሰላም አካባቢ በርበሬ ደጃችን ነው። ችግሩ አደራረቁ ነው። በእርጥብ መሬት የደረቀና በጆንያ ተጠቅጥቆ የከረመ በርበሬ ይሻግታል፣ ወጡን ያጠቁረዋል፣ ያመርረዋልም፤ ምንም ቅመም አይሸፍነውም። ዛላውን ስትቆርጡት ውስጡ ግራጫ ዱቄት ካለው አይፈጭም፣ ይጣላል።

ቅቤም ቢሆን አገራችን የቅቤ አገር ነው፤ ቢሆንም ምግብ ቤቶች ዋጋውን ስለማይችሉት በአትክልት ቅቤ ይደባልቁታል። ለምን ተደባለቀ ብለን አንፈርድም፣ ሳይነገር መደባለቁ ነው ጥፋቱ። ተመጋቢው ቅቤውን ራሱ ቢያመጣ የሚከፋ ወጥ ሠሪ የለም። ለጋ ቅቤ አምጥታችሁ በኮሰረት፣ በኮረሪማ፣ በእርድና በበሶብላ ይነጠርላችኋል፤ 1 ኪሎ ለጋ ቅቤ ሲነጠር ሩቡ ያህል በውኃና በዝቃጭ እንደሚሄድ ግን አስቀድማችሁ እወቁት፣ ኋላ «ቅቤዬን ሰረቃችሁኝ» እንዳይመጣ።

እንጀራ። በዚህ ጎጃም ከትልቁ ከተማ አያንስም ብቻ ሳይሆን ይበልጣል። የብቸናና የአዴት ጤፍ አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ የሚሄድ ነው፤ እዚያ ደርሶ ዋጋ ለመቀነስ ከሩዝ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር የሚደባለቅበት ቤት ሞልቷል። ሩዝ የበዛበት እንጀራ ሲበርድ ይሰነጠቃል፣ ማታውኑ ይደርቃል። እኛ ዘንድ የሚያጋጥመው ጉድለት ሌላ ነው፤ ብርድ። ሊጥ ባሕር ዳር ላይ በ2 ቀን ሲቦካ ማርቆስ ላይ በሐምሌና በነሐሴ 3 አንዳንዴም 4 ቀን ይፈልጋል። ያልቦካ ሊጥ ሲጋገር ዐይኑ ይቀራል፣ ክብደቱ ሆድ ላይ ይቀመጣል። አብሲቱ በደንብ ካልበሰለ ወይም ምጣዱ ካልጋለም ውጤቱ ያው ነው። መብራት ሲዋዥቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ በኩል ያሳርራል፣ በሌላው ጥሬ ይተዋል፤ ለዚህ ነው ትልቅ ድግስ ሲሆን በእንጨት የምንጋግረው። ከ1 ኪሎ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋት 3 ወይም 4 እንጀራ ይወጣል። አንድ ሰው አንድ ተኩል ይበላል ብላችሁ ብትቆጥሩ አትሳሳቱም፤ ወጣት ከበዛ ሁለት በሉ። የዳጉሳ እንጀራን ደግሞ ከተማ የሚናፍቁት ሰዎች እዚህ ሲመጡ «ጥቁር ነው» ብለው ይተዉታል፤ ለምን እንደሆነ ልናውቅላቸው አልቻልንም።

ስለ ከፍታችንም አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ውኃ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስላለች እዚህ ውኃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ነው፣ በ94 ግድም። ስለዚህ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ የቅልጥም ቅቅል እዚህ ረዘም ያለ እሳት ይፈልጋሉ። የባሕር ዳር የምግብ አሠራር ይዞ መጥቶ «2 ሰዓት በቃው» የሚል ወጥ ሠሪ ያልበሰለ ሽምብራ ያቀርባል። ማርቆስ ላይ ቅቅል 3 ሰዓት ወይም በእንፋሎት ድስት 1 ሰዓት ነው። ሽሮም እንዲሁ፤ 10 ደቂቃ ፈልቶ የሚቀርበው ተጋቢኖ የጥሬ ዱቄት ሽታ የሚሸተው ለዚህ ነው። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ቁሌቱ ላይ መጨመርና ቢያንስ 30 ደቂቃ በለስላሳ እሳት ማንተክተክ ነው መድኃኒቱ። በጾም ቀን ደግሞ በኑግ ዘይት ይሠራልን በሉ። ጎጃም ኑግ እያመረተ በፓልም ዘይት በያይነቱ መብላት ያሳፍራል።

ለከተማ የምንተወው ምን አለ? አለ። ዓሣ ቁጥር አንድ ነው። የጣናን ቆሮሶና አምባዛ ባሕር ዳር ላይ በወጣበት ቀን መብላትን የሚያህል የለም፤ ለዓሣ ብላችሁ ብትሄዱ አንከራከራችሁም። 265 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እዚህ የሚደርስ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ለ1 ኪሎ ዓሣ ካልተደረገለት መንገድ ላይ ያልቅለታል። እዚህ ዓሣ ስታዝዙ ሳይጠበስ ጥሬውን አሳዩን በሉ፤ ዐይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ከሆነ ጥሩ ነው። ዐይኑ ገብቶ የደፈረሰ ከሆነ በዘይትና በሎሚ አይመለስም። ባሕር ዳርም ሄዳችሁ ቢሆን ዘይቱን እዩት፤ ሙሉ ቆሮሶ ጎኑ በ2 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተሰነጣጥቆ 10 ደቂቃ ያህል በጋለ ዘይት ይጠበሳል፣ ዘይቱ ለሳምንት የተጠቀሙበት ጥቁር ከሆነ ግን የጣና ዓሣም ቢሆን ዘይቱን ነው የሚሸተው። ምሳ ከእራት ይሻላል፤ ጀልባ የሚገባው ጠዋት ነው።

ክትፎ ከቆጮ ጋር የሚወድ ሰው አዲስ አበባ የጉራጌ ቤቶች ይሂድ። ቆጮው እኛ ዘንድ ደህና አይገኝም፤ በእንጀራ የሚበላ ክትፎ ክትፎ ቢሆንም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ፒዛና በርገርም እንዲሁ፤ አይብ ከሩቅ ይመጣል፣ ምድጃው መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ማኪያቶ ላይ እንከራከራለን፤ ወተቱ የኛ ይበልጣል፣ ማሽን የሚያጥብ ሰው ግን ይጎድለናል።

አንዳንዶች ደግሞ አይሄዱም፣ ያስመጣሉ። ለሠርግ ከአዲስ አበባ ወጥ በፕላስቲክ ባልዲ ተጭኖ ሲመጣ እናያለን። ይህ በጣም አደገኛ ነው። ትኩስ ወጥ በባልዲ ተከድኖ 6 ሰዓት ሲጓዝ ውስጡ አይበርድም፤ ለብ ብሎ ይቆያል፣ በዚያ ሙቀት ይኮመጥጣል፣ ክዳኑ ሲከፈት አረፋ ያሳያል። መጓዝ ካለበት ሰፊ ትሪ ላይ ሳሳ ብሎ ፈስሶ በ2 ሰዓት ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ፍሪጅ ይደር፣ ከዚያ በረዶ ባለበት ሳጥን ይጫን። እንጀራም ትኩሱን ተደራርቦ በላስቲክ ከተጠቀለለ ያልበዋል፣ በ2 ቀን ይሻግታል። በርዶ በጨርቅና በመሶብ ይጓዝ።

እንዴት እንደሚታዘዝ እንጨርስ። ለዶሮ ወጥና ለቅቅል ከ2 ቀን በፊት፣ ለጥብስ ከ2 ቀን በፊት፣ ለበያይነቱ ከ1 ቀን በፊት ይነገር። አነጋገሩም ለወጥ ሠሪዋ እንዲህ ቢሆን እንወዳለን፤ «እትዬ፣ ለእሑድ ምሳ 7 ሰዓት 12 ሰው ነን፤ ሁለት ያገር ዶሮ፣ 1 ኪሎ ተኩል ሽንጥ ለጥብስ፣ የቀረው ቅቅል፤ የሚጾሙ ሁለት አሉ፣ አንድ የስኳር በሽተኛ አለ።» ይህ ብቻ ይበቃል። «ደህና ነገር ሥሩልን» የሚለው አይበቃም፤ ደህና ነገር ለእያንዳንዱ ሰው ሌላ ነው። ሰዓቱ ላይ እውነተኛ ሁኑ። 7 ሰዓት ብሎ 9 ሰዓት ለሚመጣ ሰው የሚቀርበው ጥብስ የ7 ሰዓቱ ነው።

ግማሽ ቀብድ ይከፈል። ዶሮውንና ሽንኩርቱን የምንገዛው በዚያ ነው፤ ያለ ቀብድ ለ30 ሰው አስሠርተው የቀሩ ሰዎች ስላሉ ብዙ ቤት «አስቀድመን አንቀበልም» ማለት የጀመረው በዚህ ነው። ቁጥሩ ቢቀንስ ከዋዜማው ማታ በፊት ንገሩን፤ ከታረደና ከታጠበ በኋላ ዶሮ ወደ ገበያ አይመለስም። ሒሳቡ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ መኖር አለመኖሩን በስልክ ስታዙ ጠይቁ፣ በመጨረሻው ሰዓት ጭቅጭቅ እንዳይሆን። የዩኒቨርሲቲያችን ምርቃት ቀን ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ማንም ቤት አይችለውም፤ 5 ሰዓት ላይ ወይም 9 ሰዓት ላይ ብትይዙ በሰላም ትበላላችሁ።

የተረፈው ወጥ የእናንተ ነው፤ ከፍላችሁበታልና አትፈሩ። ድስት ይዛችሁ ኑ፣ የፕላስቲክ ባልዲ ግን አታምጡብን።

ከደብረ ማርቆስ የወጥ ቤት ሠራተኞች